«ዲክሽነሪው» በአንድ ቃል ሲፈተን፦ ከደብረ ማርቆስ የተጻፈ ግምገማ

በደብረ ማርቆስ የስልክ መደብሮች ከዘፈንና ከመዝሙር ጋር አብሮ የሚጫን፣ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ የእንግሊዝኛ–አማርኛ መዝገበ ቃላት አለ። ሻጮቹም ተማሪዎቹም «ዲክሽነሪው» ብቻ ስለሚሉት እኔም በዚሁ ስም እጠራዋለሁ። የጤና ሳይንስ ተማሪዎችን እንግሊዝኛ በማስተምርበት ክፍል ይህ መተግበሪያ የሌለበት ስልክ ማግኘት ያስቸግራል፤ ስለዚህ ጥራቱን በደፈናው ከማወደስ ወይም ከመንቀፍ ይልቅ በአንድ ቃልና በዘመዶቹ ልመዝነው መረጥሁ። ቃሉ «አብኖርማል» ነው። የመረጥሁት በላብራቶሪ ወረቀት ላይ፣ በአልትራሳውንድ ውጤት ላይ፣ በመማሪያ መጽሐፍ ውስጥና በጎረምሶች ስድብ ውስጥ ሳይቀር እየተመላለሰ የሚገኝ በመሆኑና በየቦታው የሚሸከመው ትርጉም አንድ ባለመሆኑ ነው። እንዲህ ያለውን ቃል አጥርቶ የሚፈታ መዝገበ ቃላት ሌላውንም ይፈታል ተብሎ ይታመናል፤ ይህን ያልቻለ ግን በቀላሉ ቃል ላይ ቢሳካለትም ብዙ አያስመሰግነውም።

አስቀድሞ የሚገባውን ምስጋና ልስጠው። መተግበሪያው ቀላል ነው፤ ማኅደረ ትውስታው አነስተኛ በሆነ አሮጌ ስልክ ላይ እንኳ ሳይንገታገት ይከፈታል፤ የተፈለገውም ቃል ገና ሦስት ፊደል ሲጻፍ ብቅ ይላል። በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት በ2015 ዓ.ም. ክረምት ተቋርጦ ለወራት በቆየበት ጊዜ ተማሪዎች በእጃቸው የቀራቸው መዝገበ ቃላት ይኸው ነበር፤ ለዚያ ውለታው ብቻ እንኳ ስለ እሱ በቁም ነገር መጻፍ ይገባል። የተፈለጉ ቃላትን ዝርዝር መዝግቦ ማቆየቱና ለአብዛኛው ቃል አንድ የአረፍተ ነገር ምሳሌ መስጠቱም መልካም ነው።

ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ ሲፈለግ ግን ነገሩ ይለወጣል። ድምፃቸው አንድ የሆኑትን ፊደላት፣ ማለትም «ሀ፣ ሐ፣ ኀ»ን፣ «ሰ»ና «ሠ»ን፣ «አ»ና «ዐ»ን፣ «ጸ»ና «ፀ»ን ፈጽሞ እንደተለያዩ ስለሚቆጥራቸው፣ «ሥርዐት» ብሎ የጻፈ ሰው ባዶ ገጽ ያገኛል፤ «ስርአት» ብሎ የጻፈ ግን ፍቺውን ያገኛል። አጻጻፉን አጥንቶ በትክክል የሚጽፈውን የሚቀጣ አሠራር ነው። ለፕሮግራም ጸሓፊ ይህን ማስተካከል ከባድ ሥራ እንዳልሆነ ስለማምን፣ ቸል መባሉን ለመረዳት ያዳግተኛል።

አሁን ወደ ቃሉ እንግባ። «አብኖርማል» ተብሎ ሲፈለግ «ያልተለመደ፤ ጤናማ ያልሆነ» የሚል ፍቺ ይመጣል። «አብኖርማሊቲ» «እንከን፤ ጉድለት» ተብሏል። «አኖማሊ» «ያልተለመደ ነገር» ነው፤ «አበሬሽን» ደግሞ «ስሕተት፤ የአእምሮ መታወክ» ተብሎ ተፈትቷል። ከሥራቸው እንደ ተመሳሳይ ቃላት እርስ በርስ ይጠቋቆማሉ፤ ስለዚህ አንዱን ፈልጎ ያልረካ ተማሪ ወደ ሌላው ሲሻገር ተመልሶ የመጀመሪያው ላይ ይወድቃል። ተጨማሪ ክፍያ የተጠየቀበት «የቃል ምንጭ» የሚባለው ክፍል ሲከፈት የሚገኘው አንድ መስመር ብቻ ነው፤ «አብ» ማለት «ርቆ»፣ «ኖርማል» ማለት «የተለመደ» ነው፤ ስለዚህ ከተለመደው የራቀ ማለት ነው፤ አበቃ።

ይህ መስመር በከፊል እውነት ነው፤ ችግሩም እዚሁ ላይ ነው፤ ምክንያቱም ሙሉ ስሕተት ቢሆን ኖሮ ከመምህራን አንዱ ፈጥኖ ይነቅፈው ነበር። «ኖርማል» ከጥንት ጀምሮ «የተለመደ» ማለት አልነበረም። በላቲን «ኖርማ» ማለት የአናጢና የግንበኛ ማዕዘን መለኪያ ነው፤ የእኛ ባለሙያዎች ከጣልያኖች በወረሱት ቃል «ስኳድራ» የሚሉት ማለት ነው። «ኖርማሊስ» የሚባለውም በዚያ መለኪያ ተለክቶ ቀጥ ያለ፣ ዘጠና ዲግሪ የያዘ ነገር ነበር። ቃሉ በእንግሊዝኛ በ17ኛው መቶ ዘመን ሲሠራበት የጂኦሜትሪ ቃል ነበር፤ ትርጉሙም ለአንድ መስመር ወይም ገጽ ቀጥ ብሎ የቆመ ማለት ነው። ብዙ ጊዜ የሚታይ፣ የተለመደ፣ እንደ ሌላው የሆነ የሚለውን ትርጉም ሰፊ ሥራ የሰጠው 19ኛው መቶ ዘመን ነው።

ይህ ለታሪክ ወዳዶች ብቻ የሚጠቅም ነገር አይደለም። በፊዚክስ «ኖርማል ፎርስ» የሚባለውን ኃይል ተማሪዎቻችን ከሁለተኛ ደረጃ ጀምሮ ይማሩታል፤ ጠረጴዛ በላዩ የተቀመጠውን መጽሐፍ ወደ ላይ የሚደግፍበት፣ ለገጹ ቀጥ ብሎ የሚቆም ኃይል ነው። ስያሜው የመጣው ከስኳድራው እንጂ ከልማድ አይደለም። ዲክሽነሪው ግን «የተለመደ ኃይል» ይለዋል፤ ያን ያነበበ ልጅ ያልተለመደ ኃይል የቱ ይሆን ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። «ኖርማል ስኩል» የሚለውንም «የተለመደ ትምህርት ቤት» ብሎታል፤ በፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1794 የተቋቋመው የመምህራን ማሠልጠኛ «ኤኮል ኖርማል» የተባለው ግን ሌሎች ትምህርት ቤቶች የሚለኩበትን መለኪያ እንዲያበጅ ታስቦ ነው። የመምህራን ኮሌጅ ባለባት በደብረ ማርቆስ ይህን የሚያርም አንባቢ አለመገኘቱ ይገርመኛል።

ከዚያው ሥር «ኢኖርመስ» የሚለው ቃል ተገኝቷል፤ «ኤ» ማለት ከ… ውጭ ሲሆን፣ ከመለኪያው የወጣ ማለት ነው። አማርኛችን «ከልክ ያለፈ» ሲል በራሱ መንገድ ሄዶ እዚያው ደርሷል፤ መተግበሪያውም እዚህ ላይ «ከልክ በላይ ትልቅ» በማለቱ ሊመሰገን ይገባል። ከሞከርኋቸው የዚህ ቤተሰብ ቃላት ሁሉ በአግባቡ ተፈትቶ ያገኘሁት ይህ አንዱ ነው።

የ«አብኖርማል» የራሱ ታሪክ ግን መተግበሪያው ከሚለው ይልቅ ጠማማ ነው። በግሪክ «ሆማሎስ» ማለት ወጥ፣ ደልዳላ፣ አንድ ዓይነት ማለት ሲሆን «አኖማሎስ» ደግሞ የዚያ አሉታ ነው፤ «አኖማሊ» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል በቀጥታ የመጣው ከዚህ ነው። ይኸው የግሪክ ቃል ወደ ላቲን ሲገባ፣ በኋለኛው ዘመን የነበሩ ጸሓፊዎች በድምፅ ስለተመሳሰለባቸው «ኖርማ» ከሚለው ቃል ጋር አዳቀሉትና «አኖርማሊስ» የሚል ዲቃላ ቃል ወጣ። ፈረንሳይኛ ያንን ወርሶ «አኖርማል» አለ፤ እንግሊዝኛም ለጥቂት ጊዜ እንደዚያው ሲጠቀምበት ቆየ። በ19ኛው መቶ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ ግን የላቲኑን «አብ» በማስገባት ቃሉ «አብኖርማል» ሆኖ ታደሰ፤ «አብኖርማሊቲ» የሚለው ስምም ተከትሎ መጣ። ስለዚህ «አብ» ሲደመር «ኖርማል» የሚለው ስሌት የቃሉን የመጨረሻ ልብስ ያሳያል እንጂ የመጣበትን መንገድ አያሳይም፤ በስተኋላው የግሪኩ «ወጥ ያልሆነ» ተሸሽጎ አለ።

ዋሸራንና ጎንጅን በመሳሰሉ የቅኔ ጉባኤ ቤቶች በታወቀው፣ ቃልን ከግሡ ሳያወርዱ መፍታት ነውር በሆነበት በጎጃም ምድር፣ ገንዘብ ተከፍሎበት የሚከፈት «የቃል ምንጭ» በአንድ መስመር መቅረቱ አያጠግብም። የቅኔ ተማሪ ቃሉ ከየት እንደ ወረደ፣ ምን እንደ ተጨመረበትና ምን እንደ ጎደለበት ሳይጠይቅ አያልፍም፤ በስልኩ ያለው መዝገበ ቃላት ግን ይህን ጥያቄ እንዲረሳ የሚያለማምደው ይመስላል።

የጥንቱ ላቲን «አብኖርሚስ» የሚል ቃል እንደነበረውም መጨመር ይገባል። ሮማዊው ባለቅኔ ሆራስ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በመጀመሪያው መቶ ዘመን፣ ኦፌሉስ የተባለ ባላገር ገበሬን ሲያነሣ በዚህ ቃል ጠርቶታል፤ ከየትኛውም የፍልስፍና ትምህርት ቤት ያልተቆጠረ፣ በራሱ የጠቢብነት መንገድ የሚሄድ ሰው ማለቱ ነው። ምስጋና ነው። ዛሬ በመንገድ ላይ አንዱ ሌላውን «አብኖርማል ነህ እንዴ» ብሎ ሲሰድበው ይህ ትዝ የሚለው ሰው ይኖራል ብዬ አልጠብቅም፤ ነገር ግን ዲክሽነሪው ለዚህ ስድብ መጠቀሚያነቱን በአንዲት ቃል እንኳ ሳያስጠነቅቅ «ጤናማ ያልሆነ» ብሎ ማጽደቁ አልተመቸኝም።

ከሁሉ የሚያሳስበኝም ይኸው «ጤናማ ያልሆነ» የሚለው ፍቺ ነው፤ ስለዚህ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። አንድ ሰው ከላብራቶሪ የሚቀበለው ወረቀት የራሱን ቁጥርና ከጎኑ «ኖርማል» የተባለውን ወሰን ይዞ ይመጣል። ያ ወሰን የሚሠራው ጤነኛ ናቸው የተባሉ ብዙ ሰዎችን በመለካት ነው፤ እንደ ልማዱ ከእነዚያ ጤነኞች መካከል 95 በመቶ የሚሆኑት የሚገኙበት መካከለኛ ክፍል ይወሰድና ከግራና ከቀኝ የቀሩት ከወሰኑ ውጭ ይሆናሉ። እንግዲህ በአሠራሩ ብቻ ከሃያ ጤነኞች አንዱ «አብኖርማል» ይባላል። አንድ ፍጹም ጤነኛ ሰው እርስ በርስ የማይገናኙ ሃያ ምርመራዎች ቢታዘዙለት፣ ሁሉም በወሰኑ ውስጥ የመገኘታቸው ዕድል 36 በመቶ ገደማ ብቻ ነው፤ ቢያንስ አንዱ ከወሰኑ የመውጣቱ ዕድል ከዚያ ይበልጣል። ይህ የሒሳብ ነገር እንጂ የበሽታ ነገር አይደለም። በወረቀቱ ላይ ያለው «አብኖርማል» ከመለኪያው ወጥቷል ይላል፤ ታሟል አይልም። ታሟል ወይስ አልታመመም የሚለውን የሚወስነው ሐኪሙ ሌላውን ምልክት ሁሉ አይቶ ነው።

በተለይ ለእኛ አገር ሰው ወሰኑ ራሱ የት ተሠራ የሚለው ጥያቄ አለበት። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ በ2,400 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። ከፍታ ሲጨምር የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ ደም የሚያገኘው ኦክሲጅን ያንሳል፤ ሰውነትም ይህን ለማካካስ ብዙ ጊዜ ቀይ የደም ሕዋሳትን ያበዛል። የዓለም ጤና ድርጅት ደም ማነስ በሄሞግሎቢን መጠን ሲለካ የመኖሪያው ከፍታ ታሳቢ ተደርጎ ቁጥሩ እንዲስተካከል የሚመክረው በዚህ ምክንያት ነው። በባሕር ዳርቻ ለሚኖር ሕዝብ የተሠራ ወሰን እንዳለ ተወስዶ በጮቄ ተራራ ግርጌ ለሚኖር ገበሬ ቢሠራበት፣ «ኖርማል» የተባለው ሰው ደም ያነሰው፣ «አብኖርማል» የተባለውም ምንም ያልሆነ ሊሆን ይችላል። ስኳድራው የተሠራበት እንጨት የተለየ ከሆነ ግድግዳው ጠመመ ብሎ መፍረድ አይቻልም።

የጤና ተማሪዎች በየቀኑ የሚይዙት «ኖርማል ሳላይን»ም ለዚህ ማስረጃ ይሆናል። በአንድ ሊትር ውኃ 9 ግራም ጨው ያለበት ይህ ፈሳሽ በሶዲየምም ሆነ በክሎራይድ መጠኑ 154 ሚሊሞል ሲሆን፣ የጤነኛ ሰው ደም ሶዲየም ከ135 እስከ 145 ገደማ፣ ክሎራይዱም ከመቶ ብዙ የማይርቅ ነው። «ኖርማል» ተብሎ የተሰየመው ፈሳሽ ራሱ ከሰውነት ልክ ወጣ ያለ ነው ማለት ነው። ዲክሽነሪው «የተለመደ የጨው ውኃ» ብሎ ተርጉሞታል፤ በመመረቂያ ጽሑፉ ላይ እንዲሁ የገለበጠ ተማሪ አጋጥሞኛል።

ከዚህ ቀጥሎ ያስቆጣኝ ጉዳይ ከጨቅላ ሕፃናት ጋር የተያያዘው ነው። «ኮንጀኒታል አኖማሊ» የሚለው የሕክምና ቃል ከልደት ጀምሮ በአካል አፈጣጠር ላይ የታየን ልዩነት ያመለክታል፤ ስድስተኛ ጣትን ከመሰለ ጉዳት የሌለው ነገር ጀምሮ እስከ ከባድ የልብ ሕመም ድረስ ይሸፍናል። መተግበሪያው ለ«አብኖርማሊቲ» «እንከን» ካለ በኋላ ከተመሳሳይ ቃላቱ መካከል «ሞንስትሮሲቲ»ን፣ ማለትም ጭራቅነትን፣ ደርድሯል። ይህ ቃል የመጣው ከላቲኑ «ሞንስትሩም» ነው፤ እሱም «ማስጠንቀቅ» ከሚለው ግሥ የወጣ ሲሆን፣ በጥንት ሮማውያን ዘንድ ያልተለመደ ልደት የአማልክት ማስጠንቀቂያ ተደርጎ ይታይ እንደነበር ይናገራል። በእኛም ዘንድ «ጉድ ተወለደ» የሚል አነጋገር አለ፤ መገረምንም ነውርንም በአንድ ቃል የሚይዝ ክፉ አነጋገር ነው። የጤና ባለሙያ ስልኩን አውጥቶ ይህን ዝርዝር እያየ ከእናት ፊት ቢቆም ምን ዓይነት ቃል ከአፉ ሊወጣ እንደሚችል አዘጋጆቹ አላሰቡበትም። «ልጅዎ ጣቱ ስድስት ነው፤ ሌላ ችግር ግን የለበትም» ብሎ ነገሩን በስሙ መናገር ከሁሉ ይሻላል፤ መዝገበ ቃላት ደግሞ ለዚህ የሚረዳ ማስታወሻ ሊጨምር ይገባ ነበር።

«አኖማሊ» በሥነ ፈለክ የተለየ ሥራ አለው፤ ፕላኔት በምሕዋሯ ላይ ለፀሐይ ከምትቀርብበት ነጥብ አንሥቶ የሄደችበትን ማዕዘን ያመለክታል። ስያሜው የቀረው የጥንት ግሪኮች የፕላኔቶችን ጉዞ ወጥ አለመሆን ሲመረምሩ ከነበረበት ዘመን ነው። ዲክሽነሪው ይህን አይነካም። «አበሬሽን» ላይ ደግሞ ከሁሉ የባሰ ተሳስቷል፤ ከላቲን «አቤራሬ»፣ ማለትም ከመንገድ ወጥቶ መባዘን ከሚል ግሥ የመጣውን ቃል «ስሕተት» እና «የአእምሮ መታወክ» ብቻ ማድረጉ፣ መነጽር የቀለማትን ብርሃን በአንድ ነጥብ ማገናኘት ሲሳነው የሚታየውን ጉድለትም፣ እንግሊዛዊው ጀምስ ብራድሊ እ.ኤ.አ. በ1720ዎቹ መጨረሻ ያገኘውን የከዋክብት ብርሃን መዛነፍም፣ የክሮሞሶም መዛባትንም ከጨዋታ ውጭ አድርጓል። ብራድሊ ያየው መዛነፍ ከአንድ ዲግሪ እጅግ ያነሰ፣ 20 የማዕዘን ሴኮንድ ያህል ብቻ ሲሆን፣ ምድር በፀሐይ ዙሪያ መንቀሳቀሷን በቀጥታ ያስረዳ ነው። የአእምሮ መታወክ ምኑ ነው?

ለአዘጋጆቹ ትችት ብቻ ሰጥቶ መሄድ ተገቢ ስላልሆነ፣ በክፍል የምንጠቀምባቸውን ፍቺዎች እዚህ ላይ ላስቀምጥ። «አብኖርማል» ለሚለው «ከመደበኛው ወሰን የወጣ» ብንል፣ ወሰን መኖሩንና ወሰኑም በሰው የተበጀ መሆኑን ያሳያል። «አኖማሊ» «ኢ-ወጥነት» ቢባል ከግሪኩ ጋር ቃል በቃል ይገጥማል፤ ምክንያቱም «ወጥ» የሚለው አማርኛችን፣ ስለ ላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት «ከወጥ አለት የተፈለፈሉ» ስንል እንደምናውቀው፣ አንድ ዓይነትነትንና አለመቆራረጥን ይይዛልና። በማኅበራዊ ጉዳይ ሲሆን «አፈንጋጭ» የሚለው ይስማማል። ለ«አበሬሽን» «መዛነፍ» ወይም «መዛባት» ይበቃል። አንዳቸውም አዲስ የተፈጠሩ ቃላት አይደሉም፤ በአገሩ አፍ ላይ ያሉ ናቸው።

ስለ አገልግሎቱ በአጭሩ ልናገር። ማስጫኛው ርካሽ ነው፤ መደበኛው ክፍልም ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪ፣ ለመንገደኛና ደብዳቤ ለሚጽፍ ሰው በቂ ነው። የእንግሊዝኛው የንባብ ድምፅ ብረት ብረት ይላል፤ ሆኖም ቃሉ የት ላይ እንደሚጠብቅ ለማወቅ ያግዛል። የአማርኛ ድምፅ የለውም፤ አያስፈልገውምም። በመደብሩ ያለው ወጣት ትሑት ነው፤ «ጋሼ፣ አዲሱን ልጫንልዎት?» ብሎ ሳይጠየቅ ያስታውሳል፤ ነገር ግን የፍቺ ስሕተት ለማን እንደሚነገር ሲጠየቅ የሚያውቀው የለም፤ በመተግበሪያውም ውስጥ አስተያየት መላኪያ የሚባል ነገር አልተቀመጠም።

ስለዚህ ነፃውን ክፍል ማስጫን አያስቆጭም። «የቃል ምንጭ» ለሚባለው ክፍል ግን እንደገና እስኪሠራ ድረስ ገንዘብ መክፈል አልመክርም። ኢንተርኔት በሚኖርበት ጊዜ በነፃ የሚከፈተው ዊክሽነሪ ከዚያ የተሻለ የቃል ታሪክ ይሰጣል፤ የእንግሊዝኛው ገጽ ረዘም ያለ ስለሆነ ግን ትዕግሥት ይጠይቃል። የጤና ተማሪዎች የሙያ ቃላትን ከዚህ መተግበሪያ ባይቀዱ ይሻላል። አዲሱን ቅጂ ለሚያስጭን ሁሉ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ፤ የተመዘገቡት ቃላት በሙሉ ስለሚጠፉ አስቀድሞ በደብተር መገልበጥ ያስፈልጋል።